ለእማዬ፦ ስለ ውሮ ጥርስ

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሚጡ በትምህርቷ በርትታለች፣ አማርኛም መጻፍ እየሞከረች ነው። ማሙሽ የፊት ጥርሱ ወልቆ «አያቴ እንዳለችው ጣራ ላይ ልወርውረው» እያለ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። እኛ ያለነው አፓርታማ ላይ፣ የምን ጣራ? በመጨረሻ በመስኮት ወረወርነው። ስንደዋወል ስለ ጥርሱ ጠይቂው፣ አንቺ እንድትጠይቂው ነው የሚጠብቀው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ድመቷ ነው። በስልክ ስነግርሽ «እሺ፣ እሺ» ትዪኝና ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ትሄጃለሽ። ስለዚህ እትዬ ታንብብልሽ፣ የምግቡን ነገር ደግሞ ለብቻው ገልብጣ ኩሽና ትለጥፍልሽ።

እትዬ የላከችልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ውሮ ወደ ሳህኗ ትመጣለች፣ ታሸታለች፣ አንድ ቁራጭ ሥጋ ታነሣለች። ከዚያ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ ለማኘክ ትሞክርና ትጥለዋለች። አፏን በፊት እግሯ ትቧጥጣለች፣ ትጮኻለች፣ ሮጣ ቁም ሳጥኑ ሥር ትገባለች። አንቺ ከኋላ «ማማረጥ ጀምራለች፣ ጠግባ ነው» ስትዪ ይሰማል። አልጠገበችም እማዬ። ብትጠግብ ወደ ሳህኑ ምን አመጣት? አሟት ነው።

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። እንደ ውሻ አታለቅስም፣ ራቅ ብላ ትተኛለች እንጂ። አንድ ትልቅ ድመት 30 ጥርስ አላት፣ ከእነሱ አንዱ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት በኩል እየተበላ ሲቦረቦር ከውጭ ለሚያየው ድዷ ቀላ ከማለቱ በቀር ምንም አይመስልም። ምራቋ መንጠባጠቡ፣ አፏ መሽተቱ፣ ጸጉሯን መላስ ትታ መንጨባረሯ፣ ይኼ ሁሉ ከዚያ ነው። እኔ የምሠራበት ነርሲንግ ሆም አዛውንቶቹ የሚወዷት አንዲት ያረጀች ድመት አለች፣ የኋላ ጥርሶቿ በሙሉ ተነቅለዋል፣ ምግቧን ብዙ ጊዜ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ማኘኪያ ጥርስ የላትም፣ ግን እየበላች ትኖራለች።

አሠራሩ ይኼ ነው። የዶሮ ደረት ቆዳውን ገፈሽ በንጹሕ ውኃ ብቻ ቀቅዪ። ጨው የለ፣ በርበሬ የለ፣ ሽንኩርት የለ። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ያበላሻል፣ ቀይ የደም ሕዋሷን ይሰባብረዋል፣ ጥቂቱም ይጎዳታል። የተነጠረ ቅቤም ጠብ አታድርጊበት፣ ስታነጥሪው ምን ምን እንደምትጨምሪበት አንቺ ታውቂያለሽ። የወጥ ፍትፍቱንም ከዛሬ ጀምሮ ተዪው፣ ስትወድሽ የኖረችው በእሱ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ተዪው። ሥጋው በደንብ ሲበስል አጥንት እንዳይቀር በጣትሽ እየዳሰስሽ ልቀሚው፣ የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ከዚያ መረቁን ሳትደፊ ጨምረሽበት በጁስ መፍጫው ፍጪው። መብራት ከጠፋ በሹካ እያደቀቅሽ አልሚው፣ ሙቀጫው ግን አይሆንም፣ ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥበት የኖረ ነው። እንደ አጥሚት ፈሰስ ይበል፣ በምላሷ ልሳ የምትጨርሰው መሆን አለበት። መረቁን አትድፊው ያልኩሽ ለድመት ልብና ዓይን የግድ የሚያስፈልግ ታውሪን የሚባል ነገር ስላለና ሲቀቀል ወደ ውኃው ስለሚወጣ ነው።

ከፍሪጅ አውጥተሽ ቀዝቃዛውን አትስጪያት፣ የታመመ ጥርስን ብርድ ያንገበግበዋል። ለብ አድርጊው፣ ለብ ሲል ደግሞ ይሸታል፣ ድመት የምትበላው በአፍንጫዋ ነው። ጎድጓዳ ሳህን ሳይሆን ጠፍጣፋ ላይ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ። የተቀቀለ እንቁላል አድቅቀሽ ጣል ብታደርጊበት ጥሩ ነው። ጉበት ትወዳለች፣ ግን አልፎ አልፎ ትንሽ ብቻ፣ ሲበዛ አጥንቷን ይጎዳል። ወተት ይቅርባት፣ አብዛኛው ትልቅ ድመት ወተት አይስማማውም፣ ያስቀምጣታል።

ይኼን ደግሞ እትዬ ጮክ ብላ ታንብብልሽ፦ ፓራሲታሞል እንዳትሰጫት! ግማሹም ቢሆን። ለእኛ ማስታገሻ ነው፣ ድመትን ይገድላል። አንቺ ጥርስሽ ላይ የምትይዢው ቅርንፉድም ለእሷ አይሆንም፣ ዘይቱ ለድመት መርዝ ነው።

ይኼ ሁሉ ማቆያ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። የተበላው ጥርስ መነቀል አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ሙሉ ሰመመን ስለሚያስፈልግ መንገድ ላይ መርፌ ወግቶ የሚሄድ ሰው አይደለም የሚሠራው። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ እትዬ እነሱን ትጠይቅ። እስከዚያው ግን ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳትቀምስ ከዋለች ቀጠሮ አትጠብቁ። ድመት እንደ ሰው ጦም አትችልም፣ ሰውነቷ ስቡን ወደ ጉበት መላክ ይጀምርና ጉበቷ ሥራ ያቆማል።

ጦም ካነሣሁ ዘንድ፣ ሁዳዴ ሊገባ ነው። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ኩሽናሽ እንደማይገባ አውቃለሁ፣ ይግባልኝም አልልሽም። እነ ሐጂን ለምኛቸው። እነሱ ቤት ይቀቀል፣ ልጃቸው በዕቃ ታምጣልሽ። አባዬ ሆስፒታል በነበረ ጊዜ ውሮን ያበሉልሽ እነሱ አይደሉም?

እማዬ፣ ያንን ቪዲዮ ደጋግሜ ያየሁት ግን ለውሮ ብቻ አይደለም። ውሮ ቁም ሳጥኑ ሥር ስትገባ ካሜራው ወደ አንቺ ዞረ። እንጀራውን በጣትሽ አድቅቀሽ መረቁ ውስጥ ስትነክሪ፣ አንዴ ከጎረስሽ በኋላ በግራ በኩል ብቻ ቀስ ብለሽ ስታላምጪ፣ ከዚያ ሳህኑን ገፋ ስታደርጊ አየሁሽ። ነጠላሽ ከትከሻሽ ላይ ተንሸራተተ። ትከሻሽ እንዲህ አልነበረም። እትዬን ስጠይቃት «እሷ ደህና ናት፣ አመጋገቧን ቀንሳ ነው» አለችኝ፣ ድምፅዋን ደግሞ አውቀዋለሁ።

እኔ እዚህ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው እናት አበላለሁ። ጥርስ የሌላቸውን፣ መዋጥ የሚከብዳቸውን፣ በማንኪያ፣ አገጫቸውን እየጠረግሁ። ምን ያህል እንደበሉ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ በየጊዜው ይመዘናሉ። የማያውቁኝ ሴቶች ስንት ኪሎ እንደቀነሱ አውቃለሁ፣ የአንቺን ግን አላውቅም።

ለምን እንደማላምንሽ ታውቂያለሽ። አባዬ ታሞ ሳለ በደወልኩ ቁጥር «ተኝቷል»፣ «ኪዳን ሄዷል»፣ «ጉንፋን ይዞት ነው» ትዪኝ ነበር። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ በሬ ተንኳኳ። ማኅበረተኞቼና የአክስቴ ልጆች ነጠላ ለብሰው በሩ ላይ ተደርድረው ሳያቸው፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ለካ ሁላችሁም ወራት ሙሉ ታውቁ ነበር። በሰው አገር ብቻዋን እንዳትደነግጥ ብላችሁ ነው፣ ሁሉም ቤት እንዲህ ያደርጋል፣ ይኼን ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ። ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ብትይዢልኝ ምን ነበረበት? መናገር ባይችል እንኳ እኔ እናገረው ነበር። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው።

ከአንቺ ጋር ይኼ አይደገምም። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፣ ድዱ ሲታመም ደግሞ ስኳሩ አልስተካከል ይላል፣ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። የስኳር መድኃኒት ውጦ አለመብላትም ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጦምሽ ስትሆኚ አስቢው እስኪ። የነፍስ አባትሽን አማክሪያቸው፣ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደምታዝን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገቢ ስልሽ «ለስንት ዓመት ዕድሜ ብዬ» አልሽኝ። ይኼን ቃል ሁለተኛ እንዳልሰማ። አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ፣ ከአፍሽ ነጥለሽ ያበላሽኝ አንቺ ነሽ፣ አሁን እኔን እንዲህ አትበዪኝ።

ለውሮም ለአንቺም የሚሆን ገንዘብ ለእትዬ ልኬላታለሁ። ለሌላ ነገር እንዳታውዪው፣ ለጣራውም፣ ለዕድሩም፣ ለማንም ሠርግ። ቀጠሮውን እሷ ትይዝልሻለች፣ አንቺ መሄድ ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። ቪዲዮውን ክፈቺ፣ ጣራ ጣራውን አታሳዪኝ። መጀመሪያ የውሮን አፍ፣ ቀጥሎ የአንቺን። ስኳርሽ የተጻፈበትን ደብተርም አጠገብሽ አድርጊው፣ ቁጥሩን እትዬ ሳትሆን አንቺ ራስሽ ታነቢልኛለሽ።

ልጅሽ