ሁለቱም ዲስኮች አንድ ማከፋፈያ ላይ ነበሩ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ ሃርድ ዲስኩ ሞላ፣ የትኛውን ሠርግ ላጥፋ?» ስትዪኝ መልስ ሳልሰጥሽ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ምንም እንዳታጠፊ።

በመጀመሪያ የዲስክ ሻጩን አትርገሚው። «1 ቴራ ብሎ ሸጠልኝ፣ ኮምፒውተሩ ግን 931 ጊጋ ነው ይላል» ብለሽ ነበር። አላጭበረበረሽም። ፋብሪካው በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው።

ዲስክሽ የሞላው ሮው፣ ማለትም የካሜራውን ጥሬ ፋይል፣ ስለምታነሺ ነው። በ24 ሜጋፒክሰል ካሜራ አንዷ ሮው ፎቶ ወደ 30 ሜጋባይት ትጠጋለች። ሠርግና መልስ ተደምሮ 2000 ጊዜ ከተጫንሽ 60 ጊጋ ሄደ። አሥራ ስድስት ሠርግ ዲስክሽን ያጠግበዋል። ጄፔጉን፣ ተጨምቆ ያነሰውን፣ አስቀርተሽ ሮውን ጣይው የሚሉሽ ይኖራሉ። ለእንግዶቹ ጭፈራ እሺ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን ያነሳሻትን ሙሽራ ግን ነገ ጨለማውን ላውጣ ስትዪ የሚታዘዝሽ ሮው ነው።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የ2010 ጥምቀት ፎቶ የት ሄደ ባልሽኝ ቁጥር «ፈልጌ እሰጥሻለሁ» እልሽ ነበር። የለም። ሁሉም ጠፍቷል።

እንዲህ ነው የሆነው። ሁለት ዲስክ ነበረኝ፤ ጠንቃቃ ነኝ ብዬም እኮራ ነበር። ሁለቱም የራሳቸውን ኃይል የሚፈልጉ ትልልቆቹ ዓይነት ናቸው። አንዱን ወደ ሌላው እየገለበጥኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ሁለቱም የተሰኩበትን የመብራት ማከፋፈያ ሳልነቅል ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ፒያሳን ታውቂያታለሽ፣ ቡናው ቢያልቅ ወሬው አያልቅም። መብራቱ ሲመጣ እንደ ጉድ መጣ። ስመለስ ክፍሉ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። አንዱ ዲስክ ጭራሽ አይነሳም። ሌላው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። የሰጠሁት ጠጋኝ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ አቧራ አስገባበትና «አልሆነም» ብሎ መለሰልኝ። ልጆቹ ከዛፍ ላይ ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ሲዘሉ፣ አያትሽ ነጭ ለብሰው ታቦት ሲሸኙ፣ አንቺ ጥላ ይዘሽ ከጎናቸው፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ለእናትሽ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። አንቺም እንዳትነግሪያት።

ደርቡሾች በ1880 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ አዳናት ይባላል። ለኔ ዲስክ የመጣ ንብ አልነበረም። ኮፒዬ ሁለት ቢሆንም አደጋው አንድ ነበር፤ ያቺ ማከፋፈያ።

የሙያው ሰዎች 3-2-1 ይሉታል። ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። መሃሉ ላይ ያለውን እንደ ኪስሽ አድርጊው። ከቤት ውጭ የሚለውን ግን እንዳትዘልዪው። የኔ ሦስተኛው ዲስክ አሁን አዘዞ አክስትሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። በነጠላ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። አንድ ቀን ደውላ «እንደ በርበሬው አልፎ አልፎ ፀሐይ ላይ ላውጣው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩባት። በኋላ ሳስበው ግማሽ ልክ ነበረች። ፀሐይ አይወድም፣ ተረስቶ መቀመጥም ግን አይወድም። በዓመት ሁለት ጊዜ ሄጄ እሰካዋለሁ፣ ከየፎልደሩ ጥቂት ፎቶ እከፍታለሁ፣ ሽሮዋን በልቼ እመለሳለሁ።

ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለበትን ዲስክ፣ ግዛ ስትዪኝ ነበር። ለሥራ፣ ለመንገድ ጥሩ ነው። ፈጣን ነው፣ ከእጅሽ ቢወድቅም ይችላል። ያለ ኃይል ለዓመታት ሲቀመጥ ግን የያዘውን ሊረሳ ይችላል። ለቁም ሳጥን የድሮው የሚሽከረከረው ይሻላል፣ እሱ ደግሞ እየሠራ ሳለ ከወደቀ አለቀለት።

ኢንተርኔት ላይ ልጫነው ካልሽ መጀመሪያ አስይው። 60 ጊጋ፣ በሰከንድ 5 ሜጋቢት (8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) በሚልክ መስመር፣ ሳይቋረጥ ከ26 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሳይቋረጥ! እኔ ለደንበኛ የመረጥኳቸውን 150 ጄፔጎች ብቻ እጭናለሁ፣ እነሱ በአርባ ደቂቃ ይሄዳሉ። በቴሌግራም ከላክሽ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪ፣ አለዚያ ጨምቆ ያበላሽብሻል።

የካሜራሽን ሚሞሪ ፎርማት የምታደርጊው ሁለት ቦታ ከገለበጥሽና የፎቶው ቁጥር እኩል መሆኑን ካየሽ በኋላ ነው። «ከት» አትጠቀሚ፣ «ኮፒ» በይ። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ቢያንስ ዋናው ሚሞሪው ላይ ይቀራል። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው፤ ትልልቆቹን ዲስኮች ግን ያለ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ከሚይዘው ባትሪ፣ አትሰኪ።

የፎልደር ስም ላይ አንድ ቀን መቁጠሪያ ምረጪ። እኔ የካሜራውን እከተላለሁ፣ ከጎኑ የኛን በቃል እጽፋለሁ። ጥምቀት ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው ብዬ የ2016ቱን ስፈልግ ግማሽ ቀን ጠፋብኝ። ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ 20 ላይ ይውላል። አሁን «2024-01-20 ጥምቀት» ይላል፣ በተርታው ይሰለፋል።

ለዘንድሮው ጥምቀት ስትመጪ ባዶ ባለ 2 ቴራ ይዘሽ ነይ። የሠርጎችሽን አንድ ኮፒ አክስትሽ ጋ እናስቀምጠዋለን። ሌላ ነጠላ አውጥቼ እጠብቃታለሁ ብላለች።

አባትሽ
ጎንደር፣ ፒያሳ