ሚኒስትሮቹን ቦታና ቀን ጠቅሳችሁ ጠይቁልን

ይድረስ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት፣
እንዲሁም ከጎጃም ለተመረጣችሁ የምክር ቤት አባላት

የተከበራችሁ እንደራሴዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሚኒስትሮች ምክር ቤት ቀርበው ስለ ሰላምና ደኅንነት ሲጠየቁ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ብዙ ሰው ሥራውን አቁሞ ይከታተላል። ሁሉም የሚጠብቀው የኛ ነገር ይነሣ እንደሆነ ነው። ብዙ ጊዜ ይነሣል። አንድ አባል «በአማራ ክልል ያለው የጸጥታ ችግር መቼ ይፈታል?» ይላሉ። ሌሎችም የየራሳቸውን ይጠይቃሉ። ጥያቄው ሁሉ ከተጠራቀመ በኋላ ምላሹ ባንድ ላይ ይሰጣል። ረጅም ምላሽ ነው። «አንጻራዊ ሰላም ሰፍኗል» የሚል አይጠፋበትም። ጠያቂው ተመልሶ «ይሄን እኮ አልመለሱልኝም» ሲል ግን አይሰማም።

ልለምናችሁ የመጣሁት ስለዚህ ነው። «የጸጥታ ችግር» ተብሎ የተጠየቀ ሚኒስትር «እየተሻሻለ ነው» ብሎ መቀመጥ ይችላል። «ጥር 20 ቀን 2016፣ መራዊ» ተብሎ የተጠየቀ ግን እንዲያ ብሎ አያመልጥም። ማን አዘዘ? ማን ተኮሰ? ማን ተከሰሰ? እነዚህን መመለስ አለበት።

በዚያ ቀን ጎጃም ውስጥ ባለችው መራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን የገለጸው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ ደግሞ ተጠሪነቱ ለእናንተ ነው። ግድያው በተፈጸመ በአራተኛው ቀን፣ ጥር 24፣ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በ4 ወር አራዘመ። አዋጁ መጀመሪያ ሲጸድቅም እንዲሁ ነበር። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና አውታሮች ተናገሩ። ምክር ቤቱ አዋጁን ያጸደቀው በማግሥቱ ነው። እነዚህን ቀኖች እዚህ የሚረሳ የለም። በየዓመቱ ሙት ዓመት የሚያወጣ ቤተሰብ አለ።

እገታውን ደግሞ ለብቻው ጠይቁልን። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ለሕክምና ወይም ለንግድ የሚነሣ ሰው፣ እንደሚመለስ እርግጠኛ ሆኖ ከቤቱ አይወጣም። አንድ ሰው ሲታገት ቤተሰቡ በሬውን ይሸጣል፣ ይበደራል፣ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ስልክ ይደውላል። ለፖሊስ ማመልከትም ይፈራል። ካመለከተ ታጋቹ እንዳይገደል፣ ዝም ብሎ ከከፈለ ደግሞ «ለታጣቂ ገንዘብ ሰጠህ» እንዳይባል ይሰጋል። የሚያግተው ሁልጊዜ አንድ ወገን አይደለም። ተራ ወንበዴ አለ፤ በትግል ስም የሚያግትም አለ። እኔ ለማንም አልወግንም። መንገደኛውን ከሁሉም መጠበቅ ያለበት ግን መንግሥት ነው። ስንት ሰው ታገተ፣ ስንቱ አጋች ተይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ? ሚኒስትሩ ይህን በቁጥር ይንገሩን። በየወረዳው ተከፋፍሎ ቢቀርብ ደግሞ እኛው ራሳችን እውነት መሆን አለመሆኑን እናየዋለን።

አባቶቻችን ጥፋተኛው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። የአገሩ ሰው ሥራ ፈትቶ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ሳይለይ መበተን የለም። ጉድለት ነበረበት። ንጹሕ ሰው አብሮ ይጉላላል፣ ዕዳውንም አብሮ ይከፍላል። ነገር ግን የሞተ ሰው ደመ ከልብ ሆኖ እንዳይቀር ያደርግ ነበር። ከእናንተ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ጉዳዩ መልስ ሳያገኝ ወደ ሌላ አጀንዳ አትለፉ።

ሥልጣኑ አላችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርታችሁ እንድትጠይቁ፣ የአስፈጻሚውን አሠራርም እንድትመረምሩ ይፈቅድላችኋል። ንዑስ አንቀጽ 7 ከዚያ ያልፋል። የመከላከያና የፖሊስ ድርጊት ሰብአዊ መብትን የሚጥስ ሲሆን አጣርታችሁ እርምጃ እንድትወስዱ ያዛል። «ይሄ የክልሉ ጉዳይ ነው» የሚል መልስ ከመጣ ደግሞ ንዑስ አንቀጽ 16 አለላችሁ። ክልሉ የመብት ጥሰትን ማስቆም ሲያቅተው፣ በራሳችሁ አነሣሽነት ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር የጋራ ስብሰባ መጠየቅ ትችላላችሁ።

መጠየቅ እንደሚያስፈራም ይገባናል። በምክር ቤቱ በተናገረው ማንም አባል እንደማይከሰስ አንቀጽ 54 ቢደነግግም፣ ከእናንተው መካከል የታሰረ አባል መኖሩን አይተናል። ስለዚህ ሸክሙን ባንድ ሰው ላይ አትጣሉት። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲጠይቅ፣ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ምክር ቤቱ ይወያያል። ከጎጃም የተመረጣችሁ ጀምሩት። ከወለጋም ከሌላውም አካባቢ የመጡ አባላት ተመሳሳይ ሐዘን ያለበት ሕዝብ ወኪሎች ናቸውና የሚያግዛችሁ አታጡም።

አጣሪ ቡድን ከተቋቋመ መራዊም ፍኖተ ሰላምም የሚናገር ሰው ያገኛል። ነገር ግን ዛሬ ያየውን የተናገረ ሰው ነገ ምን እንደሚገጥመው አያውቅም። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 በእጃችሁ አለ። ማጣራቱ ከመጀመሩ በፊት የፍትሕ ሚኒስትሩ ምስክሮቹን በምን መንገድ እንደሚጠብቁ በምክር ቤቱ ፊት ቃል ያስገቧቸው።

ይህ ደብዳቤ ለሰላምና ለፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴዎች እንዲመራልኝ፣ ውሳኔውም በምክር ቤቱ በይፋ እንዲነገር እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ከደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም