ለደንበኞቻችን፦ የበሰበሰ ካክተስ መቀየር ለምን እንዳቆምን

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ።

ከመስከረም ጀምሮ በሩ ላይ የለጠፍኳት ወረቀት ብዙ ሰው እንዳስቀየመች ሰምቻለሁ። «የበሰበሰ ካክተስ አንቀይርም» ነው የምትለው፣ አሁን መለስ ብዬ ሳያት ቁጣ ቁጣ ትላለች፣ ለሷ ይቅርታ። ውሳኔው ግን እንዳለ ነው፣ ምክንያቱን ስሙኝ።

ይሄን ሥራ የጀመርኩት እናቴ ግቢ ውስጥ በወተት ጣሳ ሬትና ጤና አዳም እየተከልኩ ነው። ያኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ ካክተስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላውቅም ነበር፣ «እሾህም በብር ይገዛል እንዴ» ብለው የሳቁብኝ ሰዎች አሉ (ዛሬ ደንበኞቼ ናቸው፣ ስም አልጠራም)። የመጀመሪያዎቹን ካክተሶች የገደልኳቸውም እኔው ራሴ ነኝ፣ በሐምሌ፣ ከጤና አዳሙ እኩል በየጠዋቱ ሳጠጣቸው። ስለዚህ ሲሞትባችሁ የምፈርድ ሰው አይደለሁም።

ግን ባለፈው ክረምት በነጻ የቀየርኩትን ከደብተሬ ስደምረው ደነገጥኩ። ዕቃው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ካርቶን ውስጥ እንደታሸገ ይከርማል፣ የጭነቱም የኩባያውም የሱቅ ኪራዩም ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተም ታውቁታላችሁ። ዋጋ ጨምሬ ልቀይር እንዳልል በደንብ የያዘው ሰው ላበሰበሰው ሰው ሊከፍል ነው። አምስት ስድስት ዓመት ከኔ የገዛ ሰው «ጨከነች» ሲለኝ እውነቱን ለመናገር ሌሊቱን አልተኛሁም።

አንድ ወንድማችን «አጥር ላይ ያለው ቁልቋል ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየወረደበት አይበሰብስም፣ ያንቺው ለምን ይበሰብሳል» ብሎኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቁልቋል ካክተስ አይደለም፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ የራሱ ዘር ነው፣ ያገራችን ተክል ነው፣ ደግሞ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ነው የሚቆመው፣ ውሃው አልፎት ይሄዳል። ካክተስ ግን ዘሩ ከአሜሪካ አህጉር ነው፣ እሱን አምጥተን ዋልካ አፈር በሞላው ኩባያ ተክለን ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ብርዳማ ከተማ፣ ፀሐይ በማይታይበት ሐምሌና ነሐሴ ስናጠጣው ሥሩ አየር ያጣል፣ ያኔ ሻጋታው ይገባል።

ሌላ ደግሞ አንዲት የማከብራቸው እትዬ ሦስተኛ ካክተሳቸውን ይዘው መጡና «ውሃ እኮ ጠብታ አላስነካሁትም» አሉኝ። ኩባያውን ስገለብጠው የቡና አተላ ወጣ። ለካ ቡና በተፈላ ቁጥር የስኒው እጣቢ የሚደፋው እሱ ላይ ነው! ሳቅንም አዘንንም።

በጣም የሚያሳስታችሁ መጨማደዱ ነው። ሲጨማደድ ጠማው ብላችሁ ትጨምሩለታላችሁ፣ ግን ሥሩ የበሰበሰም ይጨማደዳል፣ ምክንያቱም መጠጫ የለውም። በጣት ጫን በሉት፣ የጠማው ከነመጨማደዱ ጠንከር ያለ ነው፣ ካጠጣችሁት በጥቂት ቀን ይሞላል። ከታች በኩል ለስለስ ብሎ ቡናማ ከሆነና ከሸተተ ግን በስብሷል፣ ውሃ አታስነኩት።

የመጥረጊያ ስንጥር እስከ ታች ውጉበት፣ አፈር ይዞ ከወጣ ተዉት። ደርቆ ከወጣ በቀዳዳው እስኪፈስ አጠጡና ሳህኑ ላይ የቀረውን ድፉ፣ በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ አይጠቅምም። በበጋ በአስር በአስራ አምስት ቀን ይበቃዋል፣ በክረምት ወር ቢቆይም አይሞትም። አፈሩም አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ደቃቁ በወንፊት የወጣለት የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ጠጠር ይሁን።

የኔም ጥፋት አለ። ለምርቃት ስጦታ ያምራል እያልኩ ቀዳዳ የሌለው ኩባያ ሸጫለሁ፣ ታች ጠጠር ቢደረግበትም ውሃው መሄጃ የለውም፣ ያው እዚያው ይተኛል። ካሁን በኋላ ቀዳዳ የሌለው አልሸጥም፣ ቀድሞ የወሰዳችሁም አምጡት፣ በነጻ እበሳላችኋለሁ አፈሩንም እቀይራለሁ። መበስበስ ከጀመረም ሳይረፍድ አምጡት። ንጹህ ሥጋ እስኪወጣ በንጹህ ቢላ ቆርጬ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ሳምንት ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ አስቀምጬ፣ ደረቅ አሸዋ ላይ እተክለዋለሁ። ሁሉም አይድንም፣ ብዙው ግን ይድናል። ይሄን ሁሉ ሳንቲም አልጠይቅም፣ ብቻ ተቀይማችሁ እንዳትቀሩብኝ።

እትዬ፣ የርስዎ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ሥር አውጥቷል፣ መስኮቱ ላይ ነው ያለው። ሲመቸዎት መጥተው ይውሰዱት፣ እጣቢውን ግን ለጤና አዳሙ ያድርጉልኝ።

አክባሪያችሁ፣
ባለሱቋ