የቆመ ብስክሌት ሲታደስ ገንዘቡ ከፍሬኑ ይጀምር

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎና ወደ ሌሎችም አቅጣጫዎች የብስክሌት መስመር ከተሠራ ወዲህ ስለ መስመሮቹ ብዙ ተብሏል፤ ስለሚነዱባቸው ብስክሌቶች ግን እምብዛም ሲነገር አልሰማሁም። በመሀል ከተማ በኮንዶሚኒየም ደረጃዎች ሥር፣ በየበረንዳውና በየሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ጎማቸው ተንፍሶ የቆሙ፣ ከፊት ሾክ ያላቸው፣ ከኋላ የሌላቸው ርካሽ የተራራ ብስክሌቶች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ እቤት ውስጥ በጥቂት መፍቻ ታድሰው መንገድ ሊወጡ ይችላሉ። ችግሩ፣ እንደማየው፣ ባለቤቶቹ ገንዘባቸውን የሚያወጡበት ቅደም ተከተል የተገላበጠ መሆኑ ነው፤ አዲስ ሾክ ወይም የሚያብረቀርቅ ማርሽ ይገዛና ፍሬኑ እንደነበረ ይቀራል።

ከእንጦጦ አናት በሽሮ ሜዳና በስድስት ኪሎ አድርጎ ለገሃር የሚደርስ ሰው ከ500 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ይወርዳል። የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ብቻውን የላላ ፍሬንን ለማጋለጥ ይበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለፍሬን ሽቦ፣ ለሽቦው ማቀፊያ ቱቦና ለፍሬን ላስቲክ ይውጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አደጋ አለ። የፍሬንና የማርሽ ሽቦ ቱቦዎች ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ጥቁር ፕላስቲክ የለበሱ ናቸው፤ ጫፋቸው ተቆርጦ ሲታይ ግን የፍሬኑ ቱቦ ውስጡ እንደ ሞላ የተጠመጠመ ብረት ሲሆን፣ የማርሹ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን ርዝመቱን ተከትለው የተዘረጉ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። የማርሽ ቱቦ ለፍሬን ከዋለ በኃይል ሲጨበጥ ሊሰነጠቅና ፍሬኑ በአንድ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። ሻጩ «አንድ ናቸው» ቢልም ጫፉን አይቶ መግዛት ይገባል።

ቸርኬውንም መመርመር ያስፈልጋል። ማግኔት የሚይዘው ከሆነ ብረት ነው ማለት ነው፤ የብረት ቸርኬ በክረምት ዝናብ ሲርስ የላስቲክ ፍሬን ክፉኛ ይዳከምበታል። በአሉሚኒየም ቸርኬ መለወጥ ወጪ ቢኖረውም በእኔ ግምት ከማንኛውም ሾክ ይበልጣል። ፍሬኑ በዲስክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዋናው ጥንቃቄ ካቴናው ሲቀባ ዘይት ዲስኩ ላይ እንዳይረጭ ማድረግ ነው፤ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ አይይዝም፣ ይጮሃልም።

ቀጥሎ ኩሽኔታው ነው፤ ርካሽ ብስክሌት ከውድ ብስክሌት ጋር በጣም የሚቀራረበው በዚህ ስለሆነ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። የእነዚህ ብስክሌቶች ጎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው አንድ በአንድ በሚደረደሩ ልቅ የብረት ኳሶች ላይ ነው፤ በተለመደው አሠራር ከፊት በእያንዳንዱ ጎን 10 ባለ 4.76 ሚሊ ሜትር፣ ከኋላ በእያንዳንዱ ጎን 9 ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር ኳሶች ይገባሉ። ከፋብሪካ ሲወጡ ግራሶው ስስ፣ ዳዶው ከልክ በላይ የጠበቀ መሆኑ የተለመደ ነው። ጎማውን ፈትቶ፣ ኳሶቹን በናፍታ አጥቦ፣ የተበላውን በአዲስ ተክቶ፣ ለመኪና ኩሽኔታ የሚውለውን ግራሶ ሞልቶ መግጠም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚያስፈልገው ልዩ መሣሪያ ለፊት ባለ 13፣ ለኋላ ባለ 15 ስስ መፍቻ ብቻ ነው። ጎማው ሳይወዛወዝም ሳይጨናነቅም በራሱ ክብደት እስኪዞር ድረስ ዳዶውን ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጉልበት ግን አይጠይቅም። ጉልበት የሚያበላሸው ሌላም ቦታ አለ፦ የግራው ፔዳል የሚፈታው በተለመደው አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው ነው፤ ፔዳሎቹን የሚያዞረው ዘንግ የቀኝ መያዣም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። መኪና ብቻ የለመደ መካኒክ ይህን ሳያውቅ በረጅም ቧንቧ ሲታገል የብሎኑ ጥርስ ተበልቶ ዕቃው ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

የኋላ ዘንግ የሚጣመመው ለምን እንደሆነ ብዙዎች ይጠይቃሉ። ካቴናው የሚዞርበት የኋላው ማርሽ ተጠምዝዞ የሚገባ ዓይነት ሲሆን የቀኙ ኩሽኔታ ከማርሹ በስተውስጥ ስለሚቀመጥ፣ የዘንጉ ጫፍ ደጋፊ አጥቶ በርካታ ሴንቲ ሜትር ይወጣል። በኮብልስቶን መንገድ ላይ ከባድ ሰው ወይም ጭነት ሲታከልበት ዘንጉ መጉበጡ አይቀርም። ስለዚህ ኮብልስቶን ሲገባ ከኮርቻ መነሣትና ጎማውን በደንብ ነፍቶ መያዝ ለዘንጉም ለቸርኬውም ይበጃል።

ማርሽን በተመለከተ የምደግፈው ማሻሻያ አንድ ነው። ባለ 21 ማርሽ ብስክሌት ከኋላ ያለው ትልቁ ማርሽ ብዙ ጊዜ 28 ጥርስ አለው። በዚያው ቦታ የሚጠመዘዝ፣ ትልቁ 34 ጥርስ ያለው የባለ 7 ማርሽ ስብስብ ስለሚገኝ ጎማውን መለወጥ ሳያስፈልግ ዳገት ይቀልላል፤ ከፊት በባለ 24 ጥርስ ሲነዳ ባለ 26 ኢንች ጎማ ብስክሌት በአንድ የፔዳል ዙር የሚጓዘው ከ1.8 ሜትር ገደማ ወደ 1.5 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ካቴናው በጥቂት ዓይን መርዘም ይኖርበታል። አሮጌ ካቴና ግን ከአዲስ ጥርስ ጋር አይገጠም፤ 24 ዓይን ሲለካ 304.8 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 306.5 ከደረሰ አልቋል።

ሾኩን ተዉት። በአየር የሚሠራ ጥሩ ሾክ ከብስክሌቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ብዙዎቹም የመሪያቸው ቱቦ ወደ ታች እየሰፋ ስለሚሄድ በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ አይገቡም። ያለውን አጽድቶ ግራሶ መቀባት ይበቃል።

በመጨረሻም ለሚመለከታቸው ሁለት ጥያቄ አለኝ። የከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከመኪና ጥገና ጎን አጭር የብስክሌት ጥገና ሥልጠና ቢጨምሩ የመስመሮቹን ተጠቃሚ ያበዛሉ። የትራንስፖርት ቢሮውም በ2011 ዓ.ም. እንደተጀመረው «መንገድ ለሰው» ዓይነት፣ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለሰው የሚከፈትበት ቀን በሚያዘጋጅበት ጊዜ በመስቀል አደባባይ አንድ ጠረጴዛ፣ ስስ መፍቻዎች፣ ጎማ መንፊያና ቱቦውን ቆርጦ የሚያሳይ አንድ ባለሙያ ቢያስቀምጥ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ