ድምፁን ዘግታችሁ መርምሩት

ክቡር አዘጋጅ፣

የስትሪሚንግ አገልግሎቶች (ፊልምና ዝግጅት በኢንተርኔት የሚያሳዩት) እንደ ቴሌቪዥን ጣቢያ በሕግ ይመሩ አይመሩ የሚለው ክርክር ሁልጊዜ ፈቃድና ይዘት ላይ ይቆማል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ብሮድካስትንም የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃንንም ይመለከታል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 30 ቴሌቪዥንም ፊልምም ተደራሽ ሆኖ እንዲቀርብ ይላል፤ በዲሽ መጣ በኢንተርኔት አይለይም። የጎደለን ቁጥርና ቀነ ገደብ ነው።

እንግሊዞች በ2024 (እ.ኤ.አ.) የሚዲያ ሕጋቸው ለትልልቆቹ አገልግሎቶች ቁርጡን ነግረዋቸዋል፦ በ4 ዓመት ውስጥ ከዝግጅታቸው 80 በመቶ የግርጌ ጽሑፍ፣ 10 በመቶ ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚተረክ ገለጻ፣ 5 በመቶ የምልክት ቋንቋ፤ በ2ኛው ዓመት ግማሹ።

አካሄዱ መልካም ነው፤ ቁጥር ብቻውን ግን ያታልላል። የግርጌ ጽሑፉ ፋይል የግዕዝን ፊደል በሚይዘው የአቀማመጥ ስልት፣ በዩቲኤፍ-8፣ ካልተቀመጠ ፊደላችን የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ፋይሉ ደህና ሆኖ መሣሪያው የግዕዝ ፎንት ከሌለው ባዶ ሣጥን ይደረድራል። ይህን ሽሽት ብዙዎች ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትመው ይለቁታል፤ ያኔ ማጥፋት የለ፣ ማጉላት የለ፣ ወደ አፋን ኦሮሞ መቀየር የለ። በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚሄድ ቅጂ የተሠራ የግርጌ ጽሑፍ በ23.976 ፍሬም በሚሄድ ቅጂ ላይ ሲጫን ደግሞ በ1 ሰዓት ውስጥ 2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይቀድማል። ሰውየው ሳይሞት ለቅሶው ይነበባል ማለት ነው።

በውጭ የተለመደው በመስመር 42 ፊደል የሚለው ልክ ለላቲን የወጣ ነው። የእኛ አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አብሮ ስለሚይዝ 42 ቢሞላ መስመሩ ይሰፋል፣ ለማንበቢያውም ጊዜ አይበቃም። የአፋን ኦሮሞው ቁቤ በተቃራኒው ረጅም አናባቢን በሁለት ፊደል ስለሚጽፍ ቃሉ ይረዝማል። ጅማን በመሰለ ሁለቱም ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ የአንዱን ልክ ለሌላው ማልበስ አያዋጣም፤ ለየብቻ ይለካ።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚውስ? እንደ ቴምብር ጥግ ላይ ይለጠፍና የዜና መስመሩ እጁን ይቆርጠዋል። የእንግሊዝ መመሪያ ቢያንስ የምስሉን ስድስተኛ ይሰጠዋል፤ የፊት ገጽታ ራሱ የቋንቋው ሰዋስው ስለሆነ ከዚያ ካነሰ አይነበብም።

ለዓይነ ስውራን የሚሠራው ትረካ በንግግር መሃል ባለው ዝምታ ይገባል፤ የውጭ ቋንቋ ንግግር በግርጌ ጽሑፍ ሲተረጎም ጽሑፉም ጮክ ብሎ መነበብ አለበት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከፊልሙ በፊት ደግሞ መተግበሪያው አለ። የማጫወቻው ቁልፍ ስም ካልተሰጠው ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነብበው የስልኩ ስክሪን አንባቢ «ባተን፣ ባተን» (ቁልፍ፣ ቁልፍ) እያለ ይቆማል፤ ፊልሙ ምንም ቢሟላ በሩ ተዘጋ።

ወጪው ይከብዳል ለሚሉ፦ የ1 ሰዓት ዝግጅት የግርጌ ጽሑፍ ከጥቂት መቶ ኪሎባይት አይበልጥም፤ በ64 ኪሎቢት የሚሄድ የትረካ ድምፅም 29 ሜጋባይት ያህል ነው። ወጪው የሚጽፈውና የሚተርከው ሰው ጉልበት ላይ ነው። ስለዚህ ግዴታው ወርኃዊ ክፍያ ከሚሰበስቡት ይጀምር፤ መጀመሪያ አዲስ የሚለቀቀው፣ የቆየው በሂደት። ቤቱ ቁጭ ብሎ ዩቲዩብ ላይ ቀልድ የሚለቅን ልጅ በዚያው ሚዛን መመዘን ደግሞ ግፍ ነው።

ተጠቃሚውም መስማት የተሳነው ብቻ አይደለም። በሐምሌ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሄርማታ ቡና ቤት ውስጥ ጫጫታው ሲበዛ፣ ሰሚውም የሚያየው ያንኑ ጽሑፍ ነው።

አገልግሎቶቹ በየዓመቱ ስንት በመቶ እንዳሟሉ በቋንቋ ለይተው ያሳውቁ። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን መርማሪም የሪፖርቱን ወረቀት ትቶ ከመሃል አንድ ዝግጅት ይምረጥ፣ ድምፁን ይዝጋና የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ይይ፤ የፍሬም ስህተት ጎልቶ የሚወጣው እዚያ ነው።

በቪዲዮ ቅንብር ሥራ ላይ ያለ አንባቢ፣ ከጅማ