«ለአንድ ቀን ወጥተሽ ትመለሻለሽ» ስለሚለው ደላላ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

የአክስቴ ልጅ ባለፈው እሑድ ቤቴ መጥታ ስልኳ ላይ የገባ የድምፅ መልእክት አስደመጠችኝ። ሰውየው ረጋ ያለ፣ ጨዋ አንደበት አለው። ታይላንድ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪነት ሥራ አግኝቶላታል። መጀመሪያ በቱሪስት ቪዛ ትገባለች፣ ማስተማር ትጀምራለች፣ ከዚያ «ለአንድ ቀን ድንበር ወጥተሽ ትመለሻለሽ፤ ቪዛሽ ወደ ሥራ ቪዛ ይቀየራል» ይላታል። አጭበርባሪ ነው አልኳት። እሷም ሳትውል ሳታድር፣ «ጋሼ፣ አንተስ እንደዚሁ አይደል ያደረግኸው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ መልስ አጣሁ። ጋዜጣችሁ በሥራ ስም ተታልለው ምያንማር ውስጥ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ገብተው ስለተመለሱት ወጣቶች ሲጽፍ ሰንብቷልና፣ ያን ዕለት ለእሷ በቅጡ ያልመለስኩላትን እዚህ ልጻፈው።

ኮን ኬን የገባሁት በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ አጋማሽ አለፍ ብሎ ነው። ከተማዋ በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ትገኛለች። የአገሩ የትምህርት ዘመን በግንቦት ስለሚጀምር ትምህርት ቤቶች አስተማሪ የሚሻሙበት ወቅት ነበር። በእጄ የ60 ቀን የቱሪስት ቪዛ አለ። የቀጠረኝ የግል ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅርና፣ ወረቀትህ እየመጣ ነው እያለ ክፍል አስገባኝ። ልጆቹ በጠዋት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው «ቲቸር!» እያሉ እጅ ሲነሡኝ ሕገ ወጥ ሠራተኛ መሆኔን ማን ያስታውሳል? እንዲያ ሆኜ 10 ሳምንት አስተማርኩ። በታይላንድ ሕግ ያለ ሥራ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 50,000 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ይቀጣል፣ ከአገር ይባረራል፣ ለሁለት ዓመትም ሌላ የሥራ ፈቃድ አያገኝም። አሠሪውም በአንድ ሠራተኛ ከ10,000 እስከ 100,000 ባት ይከፍላል። ቅጣቱ ሁለታችንንም ይነካል፤ ሻንጣውን ይዞ የሚባረረው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ባውቅስ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? ቲኬት የቆረጥኩት በብድር ነበር።

60ው ቀን ሲያልቅ ኢምግሬሽን ሄጄ በ1,900 ባት 30 ቀን አስጨመርኩ። በዚህ መሃል ከታይላንድ ሳይወጡ ቪዛ መቀየር የሚቻልበት መንገድ ነበር። ለዚያ ግን ወረቀቱ ተሟልቶ፣ ከመቆያው ጊዜም ቢያንስ 15 ቀን ሊቀር ይገባል። የእኔ ወረቀት የተሟላው ዘጠኝ ቀን ሲቀረኝ ነው። ትምህርት ቤቱ ስድስት ቀን ቢቀድም ኖሮ ይህን ሁሉ ታሪክ ባልጻፍኩ ነበር። እናም አስተማሪዎቹ «ቪዛ ራን» የሚሉት ነገር መጣ፤ ጎረቤት አገር ሄዶ፣ ከታይላንድ ቆንስላ የሥራ ቪዛ አስመትቶ መመለስ። ቀኑን ማሳለፍ አይቻልም። ከተፈቀደው ቀን በላይ ለቆየ ሰው ቅጣቱ በቀን 500 ባት እያለ እስከ 20,000 ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ፓስፖርቱ ላይ የሚቀረው ምልክት አለ።

የምሄደው የታይላንድ ቆንስላ ወዳለባት የላኦስ ከተማ፣ ወደ ሳቫናኬት ነበር። አብረውኝ የሚያስተምሩት የደቡብ አፍሪካና የእንግሊዝ ሰዎች የላኦስን ቪዛ ድልድዩ ላይ ከፍለው ነው የሚገቡት። ፊሊፒናውያኑ ጭራሽ ቪዛ አይጠየቁም። እኔ በፓስፖርታችን ቁማር መጫወት አልፈለግሁም፤ ኮን ኬን ካለው የላኦስ ቆንስላ አስቀድሜ አስመታሁ። ሐምሌ 17 ንጋት ላይ በታይላንድ በኩል ወዳለችው የድንበር ከተማ ሙክዳሃን በአውቶቡስ ተሳፈርኩ። የመቆያ ጊዜዬ ሊያበቃ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

በሙክዳሃንና በሳቫናኬት መካከል ያለው ሁለተኛው የወዳጅነት ድልድይ 1,600 ሜትር ይረዝማል። የተመረቀው በ1999 ዓ.ም. ነው። ታይላንድ በግራ፣ ላኦስ በቀኝ ስለሚነዱ አውቶቡሱ ላኦስ ሲደርስ መስመር ይቀይራል፤ አገር መለወጤ የተሰማኝ ያኔ ነው። ከድልድዩ ሥር ያለውን የሜኮንግን ወንዝ ሙሉ ሆኖ አየዋለሁ ብዬ ጓጉቼ ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ግን ለወትሮው በሚሞላበት ወቅት ክፉኛ ጎድሎ አሸዋው ገጥጦ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቆንስላው መስኮት ፊት ቆምኩ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት የተቀበለችኝ። ወረቀቶቼን እንደ ካርታ ጨዋታ ደረደረቻቸው፤ የሥራ ውሉ፣ የትምህርት ቤቱ ፈቃድ፣ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ የሥራ ሚኒስቴር ማመልከቻውን መቀበሉን የገለጸበት ወረቀት፣ ዲግሪዬ፣ የቶይክ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤቴ (ቋንቋው አፍ መፍቻህ አይደለም ተብሎ 600 ተጠይቄ ነበር)፣ ከወንጀል ነጻ መሆኔን የሚያሳየው የፖሊስ ማስረጃ። ማስረጃው ላይ ስትደርስ ጣቷ ማህተሙ ላይ ቆመ። «ይህ ወረቀት የ2011 ነው፤ ስምንት ዓመት አልፎታል» አለችኝ።

ዓመታችን ከእነሱ ሰባትና ስምንት ዓመት እንደሚያንስ፣ ወራችንም 13 እንደሆነ አስረዳሁ። ሌላ ቀን ቢሆን በኩራት ነበር የማስረዳው፤ ያን ዕለት ግን እንደ ተከሳሽ ተንተባተብኩ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አዞረችልኝ። ቀኑ በቡድሃ አቆጣጠር 2562 ይላል። አንድ ጠረጴዛ ላይ 2011፣ 2019 እና 2562 ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሦስቱም ያው ዓመት ናቸው። የእንግሊዝኛው ትርጉም ከጀርባው ስለነበረ ይህኛው በሳቅ አለፈ።

ያላለፈው ስሜ ነው። የአባቴ ስም «ገብረ» ብሎ የሚጀምር፣ ሁለት ቃል የሆነ ስም ነው። ፓስፖርቴ ላይ ተያይዞ ተጽፏል። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ለሁለት ከፍላው ሁለተኛውን ግማሽ ጥላዋለች። በወረቀቱ መሠረት የተቀጠረው ሌላ ሰው ነው። ሴትዮዋ ስሙን አሰመረችበት፤ ያሰመረችው ግን በእርሳስ ነበር፣ ወረቀቱ እንዳይበላሽብኝ። ከዚያም ተስተካክሎ ኦሪጅናሉ ይምጣ ብላ ሁሉንም ሰብስባ መለሰችልኝ። አልተቆጣችም፣ አላመናጨቀችም። ስህተቱም የእሷ አልነበረም።

ትምህርት ቤት ደወልኩ። የውጭ አገር አስተማሪዎችን የሚያስተባብረው ሰው ነገሩን ሰምቶ «ማይ ፔን ራይ» አለኝ፤ ምንም አይደል እንደ ማለት ነው። ታይላንዶች ይህን ቃል ሲሉት ደስ ይላል፤ ሻይ ሲደፋም፣ ዝናብ ሲዘንብም ይሉታል። በዚያች ሰዓት ግን ጆሮዬን በላኝ። እርግጥ ለእሱ ምንም አይደለም። እኔ ወደ ታይላንድ መመለሻ ቪዛ የለኝም፣ የያዝኩት ገንዘብ ለሁለት ሌሊት ነው።

ማግስቱ ሐምሌ 19 ነበር፣ ገብርኤል። ቁልቢ የሚሄደው ሰው ትዝ እያለኝ የሜኮንግ ዳር ካለ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ማዶ ሙክዳሃን ፊት ለፊት ይታያል፤ የሞተር ብስክሌቶቹን መብራት መቁጠር ይቻላል። ድምጼን ከፍ አድርጌ ብጮህ የሚሰማኝ እስኪመስለኝ ድረስ ቅርብ ነው፤ መሻገር ግን አልችልም። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ፊሊፒናዊት አስተማሪ ለዚሁ ጉዳይ ስትወጣ ሰባተኛዋ እንደሆነ ነገረችኝ። በየወረቀቱ መሃል ባለቀለም መለያ ያስገባችበት የፕላስቲክ ማህደር ነበራት። የእኔን የተሸበሸበ ካኪ ፖስታ አይታ ሳቀችና ትርፍ ማህደር ሰጠችኝ። ደመወዟ ከእኔም ያንስ ነበር፤ ቆዳው ነጣ ላለው ጀማሪ የሚከፈለውን ደግሞ ሁለታችንም አናነሣውም።

የተስተካከለው ደብዳቤ ቅዳሜ አስተማሪዎች በሚያመላልስ ሚኒባስ ሾፌር እጅ ደረሰ። ቅዳሜና እሑድ ቆንስላ ዝግ ነው። እሑድ የንጉሡ ልደት ስለሆነ ሰኞም ምትክ በዓል ተደርጎ ተዘጋ። ማክሰኞ አስገባሁ፣ 2,000 ባት ከፈልኩ፣ ረቡዕ ከሰዓት ፓስፖርቴን ተቀበልኩ። ድልድዩ ላይ የ90 ቀን ማህተም ተመታልኝ። የአንድ ቀን የተባለው ጉዞ ስምንተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ትምህርት ቤቱ የአምስት የሥራ ቀን ደመወዝ ቆረጠብኝ፤ ለማደሪያና ለትራንስፖርት ያወጣሁትንም አልተካም። የሥራ ፈቃዱ ሲወጣ ደግሞ የተሰጠው በትምህርት ቤቱ ስም ነበርና፣ ሥራው ሲቆም የመቆያ ፈቃዱም አብሮ እንደሚያበቃ ተነገረኝ። ኩርፊያዬን ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ።

ዛሬ መስኮቷ ሥር ወረፋ የለም። ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታይላንድ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ሁሉ ቪዛ የሚቀበሉት በኢንተርኔት ነው። ነገር ግን አመልካቹ ማመልከቻውን በሚያስገባበት አገር ውስጥ በአካል መገኘት አለበት፤ ስለዚህ ድንበሩ አሁንም ይሻገራል። ወረቀት ሲጎድል የሚጠበቀውም እንደ ድሮው ወንዝ ማዶ ነው፣ ስልክ እያዩ።

እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ጥያቄ። እኔና እሷ የተነገረን ዓረፍተ ነገር አንድ ነው። እኔ ግን ስወጣ የሚገለጥ ወረቀት፣ ስሜን (ግማሹንም ቢሆን) የጻፈ ትምህርት ቤት፣ ማዶ የሚጠብቀኝ ቆንስላ ነበረኝ። የወጣሁበትም የገባሁበትም ማህተም ፓስፖርቴ ላይ አለ። በታይላንድ ሌላኛው ጫፍ ሞይ የሚባል ወንዝ አለ፤ በዚህ በኩል ሜ ሶት፣ በዚያ በኩል የምያንማር ማያዋዲ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከማጭበርበሪያ ግቢዎቹ ወጥተው ያንን ወንዝ ወደ ታይላንድ የተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ሲነሡ የሚያውቁት ታይላንድ ሥራ እንዳለ ነው። ማያዋዲ የታይላንድ ቆንስላ የለም፤ የሥራ ቪዛ የሚመታ ማንም የለም። ለቪዛ ብሎ ወደዚያ የሚወጣ አስተማሪ ሊኖር አይችልም።

ተመላሾቹን ሞኞች ናቸው ለሚሉ አንባቢዎቻችሁ የምለው ይኼ ነው፦ ሞኝ አልነበሩም። የተነገራቸው ነገር በሌላ ወንዝ ላይ እውነት ነው። እኔ የሠራሁበት እውነት ነው። በየዓመቱ ብዙ አስተማሪ ያንን መንገድ ይመላለስበታል፤ ደላላው አዲስ ውሸት መፍጠር አላስፈለገውም።

ለአክስቴ ልጅ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩላት። የትምህርት ቤቱ ስምና ፈቃዱ የታለ? ትምህርት ቤቱ ከልቡ ከፈለገኝ የሥራ ቪዛውን ከመብረሬ በፊት እንዳወጣ ወረቀቱን ለምን አሁን አይልክልኝም? ድንበር የምወጣው በየትኛው ከተማ ነው፣ የማመለክተውስ ለየትኛው ቆንስላ? ሰኞ ማታ ላከችለት። ለሁለቱ አልመለሰም። ለሦስተኛው የመጣው መልስ አራት ሰከንድ የማይሞላ ድምፅ ነው፤ በዚያው በጨዋ አንደበቱ «ሜ ሶት ነው፤ ሌላውን ስትደርሺ ትነገሪያለሽ» ይላል።

መልእክቱን አላጠፋንም፤ ለፖሊስ ልናስደምጠው ነው። ሰውየው የእሷን ስልክ ብቻ ሳይሆን ቤታችንንም ሳያውቅ አይቀርምና ስሜን እንዳታወጡብኝ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
በታይላንድ የነበረ የእንግሊዝኛ መምህር