ሚጡዬ፣ በስልክ ፊልም አትዪ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ሚጡዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ አልጋዬን ግቢ አውጥቼ ነው የማድረው።

አክስትሽ ደውላ የነገረችኝ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከሥራ ገብታ በሯን ትዘጋለች፤ ከብርድ ልብስ ስር ሆና እስከ ሌሊት በስልክ ፊልም ታያለች አለችኝ። ለንደን ተቀምጠሽ? የሲኒማ ማሽን ኦፕሬተር ልጅ ሆነሽ? በስልክ ፊልም አትዪ ልጄ። ብቻሽን ደግሞ በፍጹም።

ወንድምሽን ጠየቅሁት። ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ኢማክስ የሚባል ትልቅ ስክሪን ያለው ሲኒማ ቤት አለ አለኝ። ስክሪኑ ቁመቱ 20 ሜትር፣ ስፋቱ 26 ሜትር። ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ በይው። አንዳንድ ፊልም ሲመጣ ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር በሆነ የፊልም ጥቅል ያሳያሉ። ቲኬት ስትቆርጪ ይህንን አረጋግጪ፤ በዲጂታልም ስለሚያሳዩ እንዳትሳሳቺ።

ከበርበሬው ጋር የላክሁልሽን ቁራጭ ፊልም አየሽው? መስኮት ጋ ሄደሽ ብርሃን ላይ ያዢው። የኔው የድሮ 35 ሚሊ ሜትር ነው። የጠርዙን ቀዳዳ ቁጠሪ፤ ለአንድ ምስል 4 ነው። ምስሏ ከቴምብር አትበልጥም። የኢማክሱ ግን 15 ቀዳዳ ነው። ወደ ታች መውረዱ ቀርቶ በጎን ይሮጣል፤ በደቂቃ ከ100 ሜትር በላይ። የኔ ማሽን 27 ሜትር ነበር። ቴምብሯን ያን የሚያህል ስክሪን ላይ ስትለጥጫት ትደበዝዛለች። ትልቁ ግን ሰው ግንባር ላይ ያለችውን ላብ ሳይቀር ቁልጭ አድርጎ ያወጣል። ዓይንሽ የስክሪኑን ጠርዝ ፈልጎ አያገኘውም። ይህን ነው መዳፍ በምታህል ስልክ የምትለውጪው?

እኔ 70ውን በእጄ ነክቼው አላውቅም። ይቆጨኛል። ከሱ በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው።

ማሽን ክፍሉን ታስታውሺዋለሽ፤ የካርቦኑ ሽታ፣ እንደ ምድጃ የሚፋጀው ግድግዳ። አንዱ ጥቅል የሚቆየው 20 ደቂቃ ነው። ስክሪኑ ቀኝ ጥግ ላይ ነጥብ ብልጭ ስትል ሁለተኛውን ማሽን አስነሳለሁ። ሁለተኛዋ ነጥብ ስትመጣ እቀይራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ያንን ጥግ ነው። እናትሽ ታች ጎኗ ያለውን ወንበር ቦርሳዋን አስቀምጣ ትይዝልኛለች። «ለአንድ ቀን እንኳ ውረድና አብረን እንይ» ትለኝ ነበር። ረዳት ነበረኝ እኮ! እሱን ማመን አቃተኝ። የሚቀጥለው ሳምንት፣ ከበዓል በኋላ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። ከዚያ እሷ ታመመች። ቀሪውን ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ሁለት ቲኬት ቁረጪ። አብራሽ የምትሠራውን የሐረሯን ልጅ ይዘሻት ሂጂ። ፊት ረድፍ ላይ አትቀመጪ፣ አንገትሽን ያምሻል። ሹራብ ያዢ። በርበሬውን ፍሪጅ አስገቢው፣ እርጥበት እንዳይነካው። በስልክ አትዪ ብያለሁ፤ ደግሜ ከአክስትሽ እንዳልሰማ።

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ቶሎ አትውጪ። ዞር በይና ከኋላ ከፍ ብሎ ያለውን የማሽኑን መስኮት እዪ። እናትሽ ሁልጊዜ ከዚያ ከታች ሆና እጇን ታውለበልብልኝ ነበር።

አባትሽ